ቦቴ ያለበት ለቅሶ

እናንተ ሰፈር ለሟች አብዝቶ የሚያለቅሰው ማነው? ልጁ? እኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 5፣ ግን ውሃ ያጣ ሰው ነው። የቧንቧችን ውሃ ሲመጣ ጨው ጨው ይላል፤ ሲጠፋ ደግሞ ጨውነቱም ይናፍቃል። ለቀስተኛ እንዳይጠማ ታዲያ እድሩ ለሐዘን ቤት የውሃ ቦቴ ያስመጣል።

ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ የማይደርሱበት ለቅሶ የለም። የማያውቁት ሰው ሲሞት እንኳ ከልጁ በላይ ደረታቸውን ይመታሉ። ሲወጡ ግን ነጠላቸው ሥር ጀሪካን ይንቦጫቦጫል። ማን ደፍሮ ይናገራቸው?

በቀደም በዚያ ሙቀት ላይ ትኩሳት ጣለኝና ሊጠይቁኝ መጡ። ግንባሬን ዳሰሱ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። ቀጥለው የግቢዬን በር በዓይናቸው ለኩና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይ ልጄ፣ አንተስ ብትድን ይሻላል። በዚህ በር ቦቴ አይገባም።»