አሮጌ ድንጋይ ያላመጣ አዲስ አይገዛም

የእኛ ሰው የባትሪ ድንጋይ ማለቁን በቀላሉ አያምንም። የሬዲዮኑ ድምፅ ሲሰልል ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እምቢ ካለው በጥርሱ ይነክሰዋል፤ እኔ የማውቀው አንድ መምህርማ ቀቅሎታል፣ ያውም በሽሮ ድስት። ቁርጡ የታወቀ ዕለት ግን ያ ሁሉ እንክብካቤ ይረሳና ድንጋዩ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት ይወረወራል። ከራስ በላይ ነፋስ!

በደርግ ጊዜ፣ አሰላ፣ የቀበሌያችን ሱቅ ሻጭ እትዬ በላይነሽ ነበሩ። አንድ ቀን ትንሿ ልጃቸው ቦይ ውስጥ ያገኘችውን አሲዱ የፈሰሰ ድንጋይ ስትልስ ከንፈሯ ተላጠ። ልጅቷ ዳነች፤ የእናቷ ንዴት ግን አልዳነም። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ «ጠርሙስ ሳይመልስ ቢራ የሚገዛ አለ? የለም። እንግዲህ አሮጌ ድንጋይ ያላመጣም አዲስ አያገኝም» ብለው አወጁ። የሚመለሰውን ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅመው ከልጅም ከጉድጓድ ውሃም ሊያርቁት ነው። ሳቅን።

ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ትልቅ ንግግር በሬዲዮ የሚተላለፍበት ቀን ደረሰ፤ ነዋሪው በሙሉ አዳራሽ ተገኝቶ እንዲያዳምጥ ታዘዘ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሬዲዮኑን ቢከፍተው ጭጭ። ለካ ያለቁትን ድንጋዮች አውጥቶ የወረወረው ራሱ ነው፤ አዲስ መግዛቱን ግን ረስቶታል። ወደ ሱቁ ሮጠ፤ እኛም ተከተልነው።

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ድንጋይ ይስጡኝ፤ ንግግሩ ሊጀመር ነው!»

«አሮጌውን አምጣ።»

«ጥዬዋለሁ እኮ! ይሄ ፀረ አብዮት ነው!»

በዚያ ዘመን በዚህች ቃል የስንቱ ቤት ተዘግቷል። እኔ ብሆን ድንጋዩን በነፃ ሰጥቼ፣ ሬዲዮኑንም ተሸክሜ አደርስለት ነበር። እትዬ በላይነሽ ግን ልጃቸውን ወደ ፊት አቀረቡና ከንፈሯን አሳዩት።

«ይቺም ፀረ አብዮት ናት? ልታስረኝ ከሆነ እሰረኝ። ድንጋይ ግን የለም።»

ሊቀመንበሩ ልጅቷን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጓዶች! ያለቀ ድንጋይ የመሰብሰብ ዘመቻ ታውጇል!» አለ።

ምን ልበላችሁ! ቦዩ፣ አጥር ሥሩ፣ የቆሻሻው ክምር ሁሉ ተፈተሸ። ድንጋይ በጆንያ መጣ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። በርሜሉ ሞልቶ ሌላ ተፈለገ። እትዬ በላይነሽ በራቸው ላይ ቆመው ይረከባሉ፤ እኔ በደስታ የምሆነው ጠፍቶኛል።

አዲሱ ድንጋይ ገብቶ ሬዲዮኑ ሲናገር ንግግሩ አልቆ ጭብጨባው ላይ ደርሷል። እኛም በጭቃ እጃችን አዳራሹ እስኪናጋ አጨበጨብን። ሊቀመንበሩ ለንግግሩ መስሎት ፈገግ አለ። ሁላችንም ዞረን የምናየው ግን አዳራሹ በር ላይ የቆሙትን እትዬ በላይነሽን ነበር።