ስለ ሳር ማጨጃ ትራክተርና ስለ ወይዘሮ ኣብርሄት ላሞች የተደረገ ስብሰባ

የሠናይ ተስፋ መረዳጃ ማኅበር የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ መስከረም 22 ቀን 1959 ዓ.ም.

ቦታ፦ ከአሥመራ ወደ ዓዲ ኣበይቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በማኅበሩ ሰፊ ግቢ፣ በአሮጌው ቤት በረንዳ ላይ።

ሰዓት፦ ለ3 ሰዓት ተጠርቶ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ።

የተገኙት፦
1. ግራዝማች መንግስትኣብ፣ ሊቀ መንበር
2. አቶ ዘርአብሩክ፣ ምክትል ሊቀ መንበር፣ በቃኘው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
3. ወይዘሮ ኣብርሄት፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሦስት ላሞች ባለቤት
4. አቶ ኢንድሪስ፣ አባል፣ የወሎ ተወላጅ፣ በእዳጋ ሓሙስ የሻሂ ቤት ባለቤት
5. መምህር ተወልደመድኅን፣ ጸሐፊ፣ ጡረተኛ

ያልተገኙት፦ አቶ በርሄ፣ ለቅሶ ስላለባቸው። አቶ ዮሃንስ፣ ባለፈው ስብሰባ «መንገድ ላይ ነኝ» ብለው ልከው እስካሁን ስላልደረሱ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይጠይቃል። ጸሐፊው ድምፅ የመስጠት መብት ስለሌላቸው ከሰው ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ምልዓተ ጉባኤውን ለመሙላት ያህል ከሰው እንዲቆጠሩ፣ ድምፅ ሲሰጥ ግን እንዳይቆጠሩ ተወሰነ። ጸሐፊው አመስግነዋል።

ስለ ቋንቋ፦ ውይይቱ የተካሄደው በአብዛኛው በትግርኛ ነው። የማኅበራት ቃለ ጉባኤ በአማርኛ ይጻፍ ስለተባለ በአማርኛ ተጽፏል። ስድብ ባጋጠመ ጊዜ ጸሐፊው ከሁለቱ ቋንቋዎች ቀለል ያለውን መርጠዋል።

አጀንዳ 1፦ ስለሚመጡት እንግዳ

ሊቀ መንበሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት የተላከውን ደብዳቤ አነበቡ። ደብዳቤው አንድ ከፍተኛ እንግዳ የማኅበራትን ይዞታ «በቅርቡ» እንደሚጎበኙ፣ ይዞታውም ጽዱና በሥራ ላይ ያለ ሆኖ መገኘት እንዳለበት ይገልጻል። ከዚህ በኋላ ሊቀ መንበሩ አባላቱ ተነሥተው ግቢውን እንዲመለከቱ ጠየቁ። ሁሉም ተነሥተው ተመለከቱ። ክረምቱ መልካም ስለነበር ሳሩ ከሰው ወገብ በላይ ሆኗል። በሳሩ ውስጥ የሦስት ላሞች ጀርባ ይታይ ነበር።

ሊቀ መንበሩ፣ እንግዳው ይህን ቢያዩ «ጠፍ መሬት ነው» እንደሚሉ፣ ጠፍ ከተባለ ደግሞ ማኅበሩ መሬቱን ሊነጠቅ እንደሚችል አስረዱ። ስለዚህ ሳሩ በዘመናዊ መሣሪያ እንዲላጭ፣ ላሞቹም ዛሬውኑ ከግቢው እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ዘርአብሩክ ሐሳቡን ደግፈው፣ በቃኘው ሳሩ እንደ ወታደር ፀጉር ተቆርጦ እንደሚታይና እዚያ አንዲት ላም እንኳ ቆማ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ።

ወይዘሮ ኣብርሄት ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍ ጠየቁ። ተጽፏል፦ «ባለቤቴ ሲሞት ማኅበሩ ሊረዳኝ መጣ። የገንዘብ ሣጥኑ ሲከፈት ባዶ ነበር። ‹በገንዘቡ ፈንታ የግቢውን ሳር ውሰጂ› ብላችሁ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። እኔ ወተት ሽጬ ነው የምኖረው። ይኸን ሳር አጭጄ ካልከመርኩ ላሞቼ በጋውን አይወጡትም። እነሱ ካልወጡት እኔም አልወጣውም።»

ሊቀ መንበሩ ችግሩን ማኅበሩ በጥልቅ እንደሚገነዘብ ገለጹ። ጸሐፊው ለመዝገቡ ትክክለኛነት፣ ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የሰጠው ብቸኛ እርዳታ ይኸው ሳር መሆኑን አስታወሱ። ሊቀ መንበሩ ማስታወሱ ከአጀንዳ ውጭ ነው አሉ።

ድምፅ ተሰጠ። ሁለት ደገፉ፣ አንዲት ተቃወሙ፣ አቶ ኢንድሪስ «የወተት ደንበኛ ነኝ፣ ፍርዴ አይጠራም» ብለው ድምፅ አልሰጡም። ላሞቹ በአስቸኳይ እንዲወጡ ተወሰነ። የግቢው ዘበኛ ላሞቹን እየነዳ ወደ ዓዲ ኣበይቶ አቅጣጫ ወሰዳቸው። ጩኸታቸው እስኪርቅ ድረስ ስብሰባው ተቋርጧል።

አጀንዳ 2፦ ትራክተር ስለ መምረጥ

ሦስት አማራጮች ቀረቡ።

የመጀመሪያው፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ሳጅን የሚሸጠው ትንሽ ትራክተር ነው። እንደ አቶ ዘርአብሩክ ገለጻ ቁመቱ ከበቅሎ አይበልጥም፤ ከሆዱ ሥር ሰፊ የብረት ክዳን ተገጥሞለታል፤ በክዳኑ ውስጥ ሁለት ቢላዎች እየተሽከረከሩ ሳሩን ይቆርጣሉ። ሁለተኛው፣ አንድ ጣሊያን መካኒክ ያቀረበው ባለ ሁለት ጎማ ማኪና ነው። ከፊቱ እንደ መቀስ የሚሄድ ረጅም ምላጭ አለው፤ ሰው ከኋላው ይዞት በእግሩ ይሄዳል። ሦስተኛው በወይዘሮ ኣብርሄት የቀረበ ሲሆን፣ ሁለት አጫጆች ከነማጭዳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ኣብርሄት በአሜሪካዊው ትራክተር የታጨደ ሳር ምን መስሎ እንደሚወጣ ጠየቁ። አቶ ዘርአብሩክ በኩራት፣ «ዱቄት! በጎን ይረጨዋል፣ የት እንደገባ አታይውም!» ሲሉ መለሱ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «እና ላሞቼ በምላሳቸው መሬት ሊጠርጉ ነው፣ ዘርአብሩክ ሓወይ?» አሉ። አቶ ዘርአብሩክ ላሞቹ በአጀንዳ 1 ከግቢው ስለወጡ በአጀንዳ 2 ሊነሡ አይገባም አሉ። ሊቀ መንበሩ ተቃውሞውን ተቀበሉ።

የጣሊያኑ ማኪና ሳሩን ሳይፈጭ ረጅሙን እንዳለ መሬት ላይ እንደሚያስተኛው ሲገለጽ፣ ወይዘሮ ኣብርሄት «እወ፣ ይኸ ይሁን» አሉ። ሊቀ መንበሩ መቀመጫው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁ። መቀመጫ እንደሌለው ተነገራቸው። ሊቀ መንበሩ ማኪናው ቴክኒካዊ ጉድለት ያለበት ይመስለኛል አሉ። አቶ ዘርአብሩክም ግራዝማችን የሚያህል ሰው እንግዳ እያየ ከማኪና ኋላ በእግሩ ሊሄድ እንደማይገባ አስረዱ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ ግራዝማች ራሳቸው ሊያጭዱ እንደሆነ እስካሁን አልሰማሁም አሉ። ሊቀ መንበሩም ገና አልወሰንኩም አሉ።

አቶ ኢንድሪስ፣ አቶ ዘርአብሩክ ከሽያጩ የሚያገኙት ነገር ይኖር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁ። አቶ ዘርአብሩክ፣ አሜሪካዊው ወዳጃቸው እንደሆነና ወዳጅ ለወዳጁ የሚያደርገውን ማንም ሊቆጣጠር እንደማይችል መለሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የአሜሪካዊው ትራክተር እንዲገዛ በሁለት ድምፅ ተወሰነ። አቶ ኢንድሪስ አሁንም ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 3፦ ስለ በሩ፣ ስለ ዣንጥላውና ስለ ዛፎቹ

የማጨጃው ክዳን ከግቢው በር በአንድ ክንድ እንደሚሰፋ ታወቀ። ጠባብ ክዳን ያለው ይፈለግ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ሊቀ መንበሩ ጠባብ ክዳን ዙር ስለሚያበዛ ከበሩ አንዱ ዓምድ እንዲፈርስ ሐሳብ አቀረቡ። ተወሰነ። ጸሐፊው ክዳኑ ከትራክተሩ ተፈትቶ በጎኑ ሊገባ እንደሚችል አስታወሱ። ሐሳቡ ከውሳኔው በኋላ የቀረበ ስለሆነ ለመዝገብ ያህል ተይዟል።

ሊቀ መንበሩ በመቀጠል የሚነዳው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ፀሐይ እንዳይመታው ከመቀመጫው በላይ ዣንጥላ እንዲተከል ጠየቁ። ተወሰነ። ዣንጥላው በግቢው ካሉት ወይራዎች ቅርንጫፍ ሥር እንደማያልፍ በመታወቁ ሦስት የወይራ ዛፎች እንዲቆረጡ ተወሰነ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «ለአንድ ዣንጥላ ጥላ ሲባል የሦስት ዛፍ ጥላ?» አሉ። ሊቀ መንበሩ የዛፎቹ ጥላ አይንቀሳቀስም ሲሉ መለሱ።

አጀንዳ 4፦ ስለ ሳሩ ቁመት

አቶ ዘርአብሩክ አሜሪካዊው የሰጣቸውን የትራክተሩን መመሪያ ለማስረዳት ያህል እየተረጎሙ ማንበብ ጀመሩ። በመካከል ቆመው አንዱን መስመር ዘለሉት። ጸሐፊው የተዘለለው እንዲነበብ ጠየቁ። መስመሩ፣ ሳሩ ከአንድ ስንዝር በላይ ከሆነ በመሣሪያው ማጨድ እንደማይቻል፣ ቢላዎቹ ታንቀው ሞተሩ እንደሚጠፋ የሚገልጽ ነበር።

አባላቱ እንደገና ተነሥተው ሳሩን ተመለከቱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ትራክተሩ ሳሩን ማጨድ እንዲችል ሳሩ አስቀድሞ በማጭድ እንዲታጨድ ተወሰነ። ወይዘሮ ኣብርሄት ሁለቱንም እጆቻቸውን አንሥተው ደገፉ፤ አንዱ ብቻ ተቆጥሯል። የታጨደው ሳርም የሳቸው እንዲሆን ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ላሞቹ በግቢው ስለሌሉ ሳሩን ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ ኣብርሄት ለመለሱት ጸሐፊው በሁለቱም ቋንቋዎች ቀለል ያለ ቃል ፈልገው አላገኙም።

አጀንዳ 5፦ የአቶ ኢንድሪስ አስተያየት

አቶ ኢንድሪስ እስከዚህ ድረስ ብዙም ሳይናገሩ ቆይተው ዕድል ጠየቁ። የተናገሩት በአማርኛ ስለሆነ እንዳለ ተጽፏል፦

«ግራዝማች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በዚህ ከተማ ሻሂ ስቀዳ ብዙ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ። ወላሂ፣ ትልቅ ሰው ጭቃና ሳር አይቶ ‹ይኸ ቦታ የማን ነው?› ሲል አልሰማሁም። የተላጨ ሜዳ፣ ሰፊ በር፣ ንጹሕ አየር ሲያይ ግን መኪናውን ያቆማል። ወርዶ ይዞራል። ‹እንዴት ያለ ቦታ ነው!› ይላል። አንዴ ከወደደው ለመንጠቅ ጠፍ ነው ማለትም አያስፈልገውም። እኛ ምን እያደረግን ነው? ሜዳውን ልናለሰልስላቸው፣ ዛፉን ልናነሣላቸው፣ ለመኪናቸው በር ልናሰፋላቸው! የቀረን ቁልፉን ማስረከብ ነው።»

አቶ ዘርአብሩክ መመሪያውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባይታጨድ ጠፍ ይባላል። ቢላጭ ይወደዳል። ታዲያ ምን ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁ።

ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «ላም የታሰረበት፣ ሳር የተከመረበት ግቢ ጠፍ ነው የሚል የለም፤ ሥራ ላይ ነው። እበቱን የረገጠ እንግዳ ደግሞ ጫማውን እያየ ይሄዳል እንጂ ቪላ አይመኝም» አሉ።

አቶ ዘርአብሩክ ለአሜሪካዊው «ተሽጧል» ብዬዋለሁ ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «ወዳጅህ አይደለም? ተላቀሱ» አሉ። ሊቀ መንበሩ ሦስት ላም ይበቃ እንደሆነ፣ ወደ አምስት ማድረስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «ግራዝማች፣ ቅድም ሦስቱም በዝተውብዎት ነበር» ሲሉ መለሱ።

ሊቀ መንበሩ ላሞቹ እንዲመለሱ በክብር ቢጠይቁም ወይዘሮ ኣብርሄት እምቢ አሉ። እንግዳው በሄዱ ማግስት ላሞቹ እንደገና እንደማይባረሩ ዋስትና ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ ቃሌን ሰጥቻለሁ አሉ። ወይዘሮ ኣብርሄት፣ «ኣይፋል ግራዝማች። ቃልዎን ከምሬ ለላም አልሰጥም። ይጻፍ» አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሊቀ መንበሩ እስከዚህ ድረስ ተስማሙ፦ ላሞቹ «እንግዳው መጥተው እስኪሄዱ» ይቆዩ፤ ከዚያ በላይ ማኅበሩ ሊገደድ አይችልም። ወይዘሮ ኣብርሄት ሊቃወሙ ሲነሡ አቶ ኢንድሪስ «እትዬ፣ አንድ ጊዜ» ብለው፣ ይህን የመሰለ ደብዳቤ ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ሊቀ መንበሩን ጠየቁ። ሊቀ መንበሩ አምናም ካቻምናም «በቅርቡ» የሚል መምጣቱን፣ እንግዳው ግን እስካሁን አለመታየታቸውን ገለጹ። ወይዘሮ ኣብርሄት ተቀመጡ። «እሺ፣ እንደዚያው ይጻፍ። የቐንየለይ» ብለው አመሰገኑ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሀ. ላሞቹ እንዲወጡ የተወሰነው ተሽሯል።

ለ. ትራክተሩ እንዲገዛ የተወሰነው ተሽሯል። ለአሜሪካዊው የሚነግሩት አቶ ዘርአብሩክ ናቸው።

ሐ. የበሩ ዓምድ ባለበት ይቆማል፤ ወይራዎቹም እንደዚሁ። ዣንጥላው የሚተከልበት ስለሌለ ውድቅ ሆኗል።

መ. ሳሩ በማጭድ እንዲታጨድ የተወሰነው ለትራክተሩ መንገድ ለመክፈት ስለነበር ተሽሯል። ሆኖም ሳሩ በማጭድ እንዲታጨድ፣ ለወይዘሮ ኣብርሄትም እንዲሰጥ በአዲስ መልክ ተወስኗል።

ሠ. ላሞቹ እንግዳው መጥተው እስኪሄዱ ድረስ ከግቢው አይወጡም።

ስብሰባው 6 ሰዓት ከ20 ላይ አበቃ። ከላይ የተጻፈው ተነብቦ አራት ሰዎች ፈርመዋል። ወይዘሮ ኣብርሄት በፊደል «ሠ» ላይ ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ላሞቻቸውን ለመመለስ ወደ ዓዲ ኣበይቶ መንገድ ስለወጡ ፊርማቸው የለም።

ተወልደመድኅን፣ ጸሐፊ