መርከቡ ውስጥ ምን አለ?

ሁሉን ነገር የሚጠረጥር ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጋሽ ሀብቴ ይባላሉ፤ ፍሩትቬል በሚባለው ሰፈር አጠገቤ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው።

ያን ሰሞን ጣሊያን አገር ድንጋይ ገጭቶ በጎኑ የተጋደመውን ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ሲያነሱት እሳቸው ቤት በቲቪ እናያለን። የወጣው ገንዘብ ሲነገር ጋሽ ሀብቴ ተቁነጠነጡ።

«አንስተው ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ቆራርጠው ለብረት ሊሸጡት» አልኳቸው።

«ለቁርጥራጭ ብረት ይህን ሁሉ የሚያወጣ ሞኝ የለም። ውስጡ አንድ ነገር አለ!»

አንድ ቀን ወርቅ ነው አሉ፤ በማግስቱ የመንግሥት ምስጢር። የአንዱ ጠላቂ ዋናተኛ ቦርሳ ከባሕር ሲወጣ አብጧል ብለውም ዜናውን ሦስቴ መልሰው አዩት።

አሁን ደግሞ ስለ አሮጌዋ ታክሲያቸው ልንገራችሁ። ሞተሯ ከሞተ ሦስት ዓመቷ ነው። መንገድ በሚጠረግበት ቀን የቅጣት ቲኬት እንዳይለጥፉባት፣ እኔና እሳቸው ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር እንገፋታለን። ባለፈው ሐሙስ ወገቤን ሲቆርጠኝ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ለምን ጀንክ አድርገው ለብረት አይሸጧትም? ውስጧ ምን ቢኖር ነው?»

መግፋታቸውን አቆሙ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማነው የላከህ?»