ፋሻውን የሚያጠብቅ ሰው

ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ነገር ይችላል። ሽሮ ይሠራል፣ ቁልፍ ይተክላል፣ ከራሱ ጋር ተጣልቶ ከራሱ ጋር ይታረቃል፣ ጀርባው ሲበላው በበሩ መቃን ይታከካል። እኔም አብሮኝ ይኖር የነበረው ወንድሜ ካረፈ ወዲህ በዚህ ችሎታዬ ስኮራ ነው የኖርኩት። የራስን አገጭ ማሰር ግን፣ እናንተዬ፣ ለሰው ልጅ አልተሰጠም።

ከጆሮዬ ሥር ያለው የምራቅ እጢ አብጦ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። ነርሷ ከአገጬ እስከ አናቴ በፋሻ ጠፍራ ስታበቃ፣ «ከላላ ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ይጠራቀምና እንደገና መክፈት ይመጣል። ቤት ያለ ሰው ያጥብቅልዎት፤ አንድ ጣት ብቻ ታስገባ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ቤቴ ያለው ሬዲዮ ነው።

ዲላ ደግሞ የታሰረ አገጭ ዝም ብላ አታሳልፍም። ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ ስንቱ መድኃኒት አዘዘልኝ! ሙዝ ሻጯ ሳትቀር፣ «መምህር፣ ጥርስ ናት? ንቀላት በቃ!» ብላ ፈረደችብኝ። ሁሉም ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ ቤቴ ድረስ የመጣ ግን የለም። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ላልቶ ዓይኔ ላይ ወረደ። መስታወት ፊት ቆሜ ብታገል አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ዳግመኛ ልከፈት ነው ብዬ ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

በሰፈራችን አገጭ ማሰር የሚያውቁ አንድ ሰው አሉ፤ ጋሽ ሽፈራው። የእድራችን ገናዥ ናቸው። ሰው ሲሞት አጥበው፣ አገጩን አስረው ይከፍናሉ። ወንድሜንም የገነዙት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሳያቸው መንገድ እሻገር ነበር። እኔ ብቻ መሰልኳችሁ? ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸዋል፣ ለቡና ግን ማንም አይጠራቸውም።

ፋሻዬን አንጠልጥዬ በራቸውን አንኳኳሁ። ምንም ሳይጠይቁ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ፋሻውን ሁለቴ አዙረው አስረው ጨረሱ። ከዚያ ድንገት እጃቸውን ሰብስበው፣ «አጠበቅሁብህ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነው ጋሼ።»

ሳቁ፣ ሳቁና ዓይናቸውን ጠረጉ። ባሰሩበት ዘመን ሁሉ መልስ የሰጣቸው ሰው የለማ!

ከዚያ ጠዋት ጠዋት መሄድ ጀመርኩ፤ ፋሻው ላላም አልላላም። አንድ ቀን፣ «ወንድምህ ያን ዕለት አንዱ እግሩ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ ቡኒ ካልሲ አድርጎ ነበር» አሉኝ። ስፌቱ እያመመኝ ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ ወንድሜ ከሰው ጋር ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር።

በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ ፋሻውን ፈታች። «ቁስሉ ደህና ገጥሟል። ማን ነው ያሰረልዎት? እጁ የባለሙያ ነው» አለችኝ።

«ጎረቤቴ» አልኳት። ሙያቸውን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

ባዶ አገጬን ይዤ በራቸው ላይ ስቆም የጋሽ ሽፈራው ፊት ጠወለገ። «ዳንክ በለኛ» አሉ። ቀጥለው ባርኔጣቸውን አወለቁና እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ራሳቸው ተቀመጡ።

«የሰፈሩን ሰው ሁሉ አሰርኩ። እኔን ስሞት የሚያስረኝ ግን የለም። እስቲ ና ልመድ።»

የተረፈውን ፋሻ ከኪሴ አወጣሁ። በአገጫቸው ሥር ሁለቴ አዞርኩና፣ «አጠበቅሁብዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አላላው እንጂ!» አሉኝ፤ «ገና የማወራህ አለኝ።»