ጎበሳ ያለው ፋይሌና አሰላ ያለው ፋይሌ

ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ በር ላይ ሲገጣጠሙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ይለፉ» ይላል አንዱ። «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይለፉ» ይላል ሌላው። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ከኋላቸው የቆመው ሦስተኛ ሰው ሆዱን ጨብጦ ወደ ሽንት ቤት የቸኮለ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን የሚጠይቀው የለም። ስለ ጨዋነታችን ብዙ ተወርቷል፣ ብዙም ተኩራርተናል። ከኋላ ስለቆመው ሰው ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔ ያ ሰው ነበርኩና ዛሬ ትንሽ ባጉረመርም አትፍረዱብኝ።

ዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ የሚያበቃበት ዘመን ነው። ለገበሬ ማኅበራት የእርሻ ዕቃ በሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ዋናው ቢሮ አሰላ ሲሆን እኔ የተመደብኩት ጎበሳ ቅርንጫፍ ነው። ባለቤቴ ብርቄ አሰላ አስተማሪ ናት። «ታዲያ እሷ ወደ ጎበሳ አትዛወርም ነበር?» የሚል አይጠፋም። ተሞክሮ ነበር፤ የዚያን ታሪክ ብጀምርላችሁ ይመሽብናል።

ጎበሳ የሄድኩት ልጃችን ሕሊና ጥርስ ሳታበቅል ነው። ስንት ጊዜ ቆይቼ፣ የይለፍ ወረቀት ለምኜ፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ ስጠጣ ውዬ ቤቴ ስደርስ፣ ልጄ ታየኝና እሪ ብላ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች። ሰተት ብሎ የገባ ሌባ አደረገችኝ። ልታቅፉት እጃችሁን የዘረጋችሁለት የገዛ ልጃችሁ ሲሸሻችሁ እንዴት እንደሚያም፣ አይድረስባችሁ እንጂ፣ ልነግራችሁ አልችልም። ልትለምደኝ ዳር ዳር ስትል የመመለሻዬ ቀን ይደርሳል። እናም በዚህ ዓለም የምመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልጄ አባቷን ሳታውቅ ሳታድግ አሰላ መዛወር።

ዝውውሩ ተፈቀደ። አዎ፣ ተፈቀደ! ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በድርጅታችን እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ፋይል ነበረው፤ አንዱ አሰላ፣ ግልባጩ ቅርንጫፍ። ሁለቱ ካልተናበቡ ደግሞ ሠራተኛው ንቅንቅ አይልም፤ መመሪያ ነው። አሰላ ያሉት የመዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ተክሌ ፈቃዱን እንዳዩ ፋይሌ ላይ «የአሰላ ሠራተኛ» ብለው ጻፉ። የጎበሳው ግን ወሬውም ስላልደረሰው «የጎበሳ ሠራተኛ» እንዳለ ነው። ይህ እንኳ ቀላል ነበር፤ አንዱ አንዱን ይቀበልና ያልቃል። ነገር ግን አቶ ተክሌና የጎበሳው መዝገብ ቤት ኃላፊ አቶ ቃሲም ሁለቱም የሰው ቃል የማይሰብሩ፣ የተከበሩ ሽማግሌዎች ነበሩ።

ልዩነቱ እንደታወቀ አቶ ቃሲም ጠሩኝ። «ሰለሞን፣ ደስ ይበልህ። አቶ ተክሌ አሰላ ካሉ አሰላ ነው። የእኔን አስተካክያለሁ» አሉኝ። ትከሻቸውን ስሜ ወጣሁ። ለካ በዚያው ሳምንት አቶ ተክሌ በበኩላቸው «አቶ ቃሲምን የሚያህል ሰው ተሳስቷል ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?» ብለው የራሳቸውን ሰርዘው «የጎበሳ ሠራተኛ» ብለውኛል። ደብዳቤዎቹን የያዙት የሁለቱ ቢሮዎች መኪናዎች እመንገድ ላይ፣ ሳጉሬ ከተማ ተላለፉ። ሾፌሮቹም ጡሩምባ ነፍተው ሰላም ተባባሉ ብለውኛል፤ ጨዋነት መቼም ተላላፊ ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ። መጀመሪያ ሁለቱም ቢሮ «የእኔ ነው» ይል ነበር። አሁን ሁለቱም «የእናንተ ነው» ይላል። ሮጬ አቶ ቃሲም ዘንድ ገባሁ።

«አቶ ቃሲም፣ በልጆችዎ፣ አሁን ምንም አይንኩ። ዝም ብቻ ይበሉ።»

«ተው ማሎ፣ እባክህ ሰለሞን! እሳቸው ለእኔ ክብር ብለው አስተካክለው እኔ ዝም ልል? ነውር አይደለም እንዴ?»

አስተካከሉ። አቶ ተክሌም አስተካከሉ። መኪናዎቹም ተላለፉ። እንዲህ ሲሉ የገብሱ አጨዳ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ እኔም አለፈልኝ ማለቴን ተውኩ። ሰው በክፉ ሰው ቢበደል ይሳደባል፣ ይከሳል፣ ቢያንስ በሌሊት ይራገማል። እነዚህን ሰዎች ምን ብዬ ልርገማቸው? ሁለቱም በየደብዳቤው ግርጌ ጤና ይመኙልኝ ነበር። ብርቄ «ሕሊና ቆማ ሄደች» ብላ የጻፈችልኝ ያን ሰሞን ነው። ደብዳቤውን ይዤ መጋዘን ገባሁና የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ጨዋነት አያበዙም፤ ጓድ ናቸው። ሁለቱን ፋይሎች አስመጥተው ገለጡ። መቼም የእኔ ነገር፣ የተገለጡት ሁለቱም «የእናንተ ነው» በሚሉበት ተራ ላይ ነው።

«ይህን ሰው ጎበሳ አይፈልገውም፣ አሰላም አይፈልገውም» አሉ። «ትርፍ ሠራተኛ ማለት ነው። ጮሌ ያለው ቅርንጫፋችን ደግሞ የንብረት ሠራተኛ አጥቶ ይጮኻል። ጮሌ ይሂድ!»

በሳምንቱ ሁለቱም ፋይሎች ላይ «የጮሌ ሠራተኛ» ተብሎ ተጻፈ። አንድ ፊደል እንኳ አልተለያዩም።

ጓዜን ይዤ ወደ ጮሌ የሚሄድ መኪና ልጠብቅ አሰላ ገባሁ። ገባሁና ክረምቱ ዘነበ፤ ዘነበ ስላችሁ፣ የጮሌ መንገድ ጭቃ ሆኖ ቀረ። በየማለዳው ቢሮ ብቅ እላለሁ፤ ዘበኛው ጃንጥላውን ሳያጥፍ «መኪና የለም» ይለኛል፤ እመለሳለሁ። የጎበሳ ቢሮ «ከእኛ ሄዷል» ይላል። አሰላ የጮሌ ነው ብሎ ሥራ አይሰጠኝም። ጮሌ ደግሞ ግልባጩ ስላልደረሰው በዚህ ምድር ላይ መኖሬንም አያውቅም። በአብዮቱ ዘመን ማንም የማይፈልገው ሰው መሆን ምን ማለት እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል። የትም የለሁም፤ ስለዚህ ቤቴ ነኝ!

ሕሊና መጀመሪያ ሰሞን ከበር ኋላ ሆና ታየኝ ነበር። ቀጥላ ጫማዬን ነካካች። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደነገጠችና፣ እናቷ እዚያው እያለች፣ ወደ እኔ ሮጠች። ብርቄ አየችኝ። ከዚያ ወዲያ አንገቴ ላይ ሳትጠመጠም አትተኛም፤ እህል ስቀምስ እንኳ በአንድ እጄ ሆነ። ሲጠራቀምብኝ የኖረው ድካም ሁሉ ያን ክረምት ለቀቀኝ። ፋይሎቻችን ሁሉ ጭቃ ውስጥ እንደሰጠሙ ቢቀሩ ብዬ ተመኝቻለሁ።

ዝናቡ ባባራ በጥቂት ቀን አቶ ተክሌ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጡ። በሰው መላክ ሲችሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ያን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው መጡ። ብርቄ «ይግቡ» ብትላቸው «አላስቸግርም» ብለው ደጅ ቆሙ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት ያበራል።

«ሰለሞን፣ የምሥራች! መንገዱ ተከፍቶ ግልባጩ ጮሌ ደርሷል፤ መዝግበውታል፤ ባስቸኳይ ይላክልን ብለዋል። መኪናው ነገ ጠዋት ይነሣል። ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ፋይል፣ አንድ ቃል! በዚህ ሥራ ሳረጅ እንዲህ ያለ መናበብ አላየሁም።»

የሚያሾፉ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔም የሕሊናን እጆች ከአንገቴ አላቀቅኩና ለእናቷ ሰጥቼ፣ «እንኳን ደስ ያለዎ፣ አቶ ተክሌ» አልኳቸው።