የጋሼ ቀጀላ ብርቱካንማ ገመድ

ሚኒሶታ ውስጥ የእኛ ሰው በተሰበሰበበት አፓርትመንት ሁሉ ራሱን በራሱ የሞተር ሐኪም አድርጎ የሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ክሪስታል በምትባል ከተማ፣ ፀዳለ በምትኖርበት ሕንፃ፣ ሹመቱ የጋሼ ቀጀላ ነው። ክቡር ጋሼ ቀጀላ፣ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ፣ የአሮጊቷ ካምሪ ነፍስ አባት! ከመስኮታቸው የወጣ ብርቱካንማ የኤሌክትሪክ ገመድ በበረዶው ላይ ሄዶ መኪናቸው አፍንጫ ሥር ይሰካል። እዚያ ሞተር የሚያሞቅ ዕቃ አለ፤ ከመነሳታቸው ሁለት ሰዓት በፊት ታይመሩ ያበራዋል።

«ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ቤንዚን አይጠጣም፣ ይጋታል» እያሉ ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ ያስተምራሉ። ጎረቤት መኪናውን አስነስቶ፣ ቆሞ ሲያሞቅ ካዩማ በፒጃማ ወጥተው መስኮቱን ያንኳኳሉ።

«ይቺ መኪና አሁን በጋሎን ስንት ማይል እየሄደች ነው?»

ሰውየው መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግ መልሱን ራሳቸው ይሰጡታል።

«ዜሮ! በጋሎን ዜሮ!»

አምና ታዲያ ራሳቸው ገመዱን ሳይነቅሉ ነዱና ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ፎርት ስኔሊንግ ድረስ ጎተቱት። ፀዳለ ሳምንት ሙሉ ሳቀችባቸው። እሳቸው እቴ! «ሞቋት ስለነበር ቶሎ ተነስታ አመለጠችኝ» አሉ ኮራ ብለው።

የፀዳለን ኮሮላም ገና ስትገዛት የመረመሩት እሳቸው ናቸው። ከፊቷ የተንጠለጠለ መሰኪያ ሲያገኙ ወርቅ ያገኙ መሰሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ማሞቂያ እያለሽ ነው የምትንቀጠቀጪው?»

«ጋሼ ይተዉኝ፣ ሥራ ረፍዶብኛል!»

ገመድ ሳትገዛ ሁለት ዊንተር አለፈ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2007፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ በገባበት ሳምንት፣ ፀዳለ የዜግነት ኢንተርቪው ደረሳት። እናቷን ለማምጣት ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው። በዋዜማው ደረጃ ላይ፣ «ነገ መኪናዬ እምቢ ብትለኝስ?» አለቻቸው። ጋሼ ቀጀላ አንድም ምክር ሳይሰጡ ገቡ። ምክር ሲቆጥቡ አይታ አታውቅምና ፈራች።

ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ያለ ሞተር ሁሉ ያስላል። የሷ ኮሮላ ግን ቁልፉ ገና ሲዞር ተነሳች። «ተመስገን!» ብላ ማርሽ ልታስገባ ስትል መስኮቷ ተደበደበ። ጋሼ ቀጀላ ናቸው፣ በፒጃማ።

«ንቀይ! ገመዱን ንቀይ! እንደኔ እንዳትሆኚ!»

ብርቱካንማው ገመድ የሷ መኪና ላይ ተሰክቷል። ገመዱ ያለው አንድ ብቻ ነው። ካምሪዋ ከኋላቸው በረዶ ለብሳ ቆማለች። ፀዳለ ወርዳ ገመዱን ነቀለችና በሁለት እጇ አስረከበቻቸው።

ከሰዓት ስትመለስ ከአውቶቡስ ሲወርዱ አገኘቻቸው፤ ካምሪዋ አልነሳም ብላ ነው የዋለችው። ጺማቸው በረዶ እንደያዘ መኪናዋ ውስጥ ገቡና የሞተሩን ሙቀት መለኪያ አሳዩዋት።

«መርፌው የት ስትደርሺ ተነሳ?»

ፀዳለ ያን መርፌ ከዚያ በፊት ልብ ብላው አታውቅም። ዛሬ ግን ለሳቸው ስትል ዓይኗን ከሱ አልነቀለችም።

«ሀይዌይ ሳልገባ፣ ጋሼ።»

ፊታቸው በደስታ በራ። ቆይቶ ትዝ አላቸው።

«ኢንተርቪውሽስ?»

«አለፍኩ!»

«ታዲያ ምን ይገርማል» አሉ እጃቸውን ሂተሩ ላይ ዘርግተው፣ «ሞቆሽ አይደል የሄድሽው።»