መሪጌታ፣ ሩሲያን መልሱልኝ

የዓለምን ጦርነት ማስቆም የሚችል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ችግሩ ተፋላሚዎቹ አድራሻውን አለማወቃቸው ነው። አንዳንዱ ከተማ ይህን ሰው ፀጉር ቤት ያስቀምጠዋል፣ አንዳንዱ መናኸሪያ። ቢቸና ያስቀመጠችው በአብዱልሐኪም ሱቅ በረንዳ፣ አንድ እግሩ በሽቦ በታሰረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ኃያላን መንግሥታትን ይመክራሉ። ከተማው «ዋና ጸሐፊው» ይላቸዋል። ሲሰሙት የተቆጡ ይመስላሉ፤ አለመባሉ ግን የበለጠ ያስቆጣቸዋል።

ይህን ከእህል ነጋዴው ከደምለው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቤቱ ከመሪጌታ ቤት ፊት ለፊት ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ ከአብዱልሐኪም ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ለዓመታት ጤፍ እየመዘነ ያልሰማው ግንባር የለም።

ዋና ጸሐፊው ካርታ አይወዱም። የሚሠሩት በሱቁ ሸቀጥ ነው። ትልቁ የልብስ ሳሙና አሜሪካ ነው። የዱቄት ሳሙናው ሩሲያ። የሻማው እሽግ አውሮፓ፤ አንድ ላይ የታሸገች፣ ለየብቻ የምትቀልጥ። መካከለኛው ምሥራቅ ሁልጊዜም ክብሪት ነው። ቻይና ቴርሞስ ናት፤ ከውጭ ብትነካት ቀዝቃዛ፣ ውስጧ የፈላ። አንድ ቀን የታይዋን ጉዳይ ጫፍ ደርሶ ሳለ ከየጁቤ የመጡ አንዲት ሴት ቻይናን ተከራክረው ገዝተው ሄዱ። መሪጌታም ውጥረቱ ለጊዜው መርገቡን አስታወቁ።

አብዱልሐኪም የሞጣ ልጅ ነው። አያቱም አባቱም እዚያ ሲነግዱ ኖረዋል፤ ትዕግሥትን ከሚዛኑ ጋር ወርሷል።

«መሪጌታ፣ ሩሲያን መልሱልኝ፤ ደንበኛ መጥቷል።»

«ትንሽ ቆየኝ አብዱል፣ ሠራዊቷን እያስወጣሁ ነው።»

«ሠራዊቱ ይቆይ፣ ሳሙናውን ብቻ ይስጡኝ።»

ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት የከተማው ተንታኝ ሁሉ ዝም ሲል የመሪጌታ ትንታኔ ይበልጥ ጠራ። ዜና ሰውን ያዘናጋል አሉ። ስለ ሩቁ ጦርነት ይህን ያህል የሚያወሩት ስለ ቅርቡ ማውራት ስለማይቻል ነው የሚሉም ነበሩ፤ እነሱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ትምህርታቸው ሲጠቀለል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «ነገሩ ማን ይቅደም ነው» የሚለው ነው። «ዘይትም አይደለም፣ መሬትም አይደለም። ይኼኛው ‹እሱ መሣሪያውን ያውርድ› ይላል፤ ያኛውም ‹እሱ ያውርድ› ይላል። ጌታችን ግን መጀመሪያ ሂድና ታረቅ ነው ያለው፤ ቤትህ ተቀምጠህ ጠብቅ አላለም። ይህን የጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ የነገራቸው ሰው የለም።»

ሁለተኛው የሚቀርበው ከትንታኔው በፊት ነው። ዜናው ምንም ይሁን ምን፣ «ስንት ሰው ሞተ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሲነገራቸው ወንበራቸውን ተደግፈው ይነሡና «ነፍስ ይማር» ይላሉ። በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይነሣል። አንድ ወጣት መምህር አንድ ጊዜ፣ «መሪጌታ፣ ቆይ ለየትኛው ወገን ነው የሚያዝኑት?» አላቸው።

«ለእናቱ ወገን» አሉት።

እንግዲህ ደምለውን ጉድ ያደረገው ይህ ሁለተኛው ነው።

ደምለውና መሪጌታ የአንድ የሚካኤል ማኅበር አባላት ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በዐሥራ ሁለት በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀርባል፣ ከአንዱ ጽዋ ይጠጣል። የወሩ ተረኛ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከጽዋው አይጠጣም፤ ጽዋውንም አይረከብም። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዱ የደምለው አባት ናቸው።

የጥቅምት ሚካኤል ተረኛው የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ስጦታው ነበሩ። ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው ሲሞቅ ደምለው ስልኩን አውጥቶ ከጎኑ ላለው ቪዲዮ አሳየ። አንድ ድሮን አንድ ወታደር በረዶ ላይ ያሳድዳል። ደምለው ደስ ብሎት፣ «እሰይ! ያዘው!» አለ። በዚያ ቤት የድሮን ድምፅ ከስልክ ውጭ ሰምቶ የማያውቅ አልነበረም፤ ለዚህም ይሆናል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጸጥ ያለው። መሪጌታ የያዙትን ዳቦ አስቀመጡ።

«በሰው ሞት እሰይ ያለ አፍ ከዚህ ጽዋ አይጠጣም» አሉ።

ደምለው ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። እንደወጣም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ቀዝቃዛ ጦርነት ነበር። ደምለው ወሬያቸውን ላለመስማት ወንበሩን ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰደ። መስኮቱን ግን ከፍቶ ተወው፤ ለአየር ነው አለ። መሪጌታም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጉንፋን ይዞኛል አሉ። እሱ በበረንዳው በኩል ሲያልፍ ትንታኔው ይቆማል። ካለፈ በኋላ፣ «አንዳንድ ትንንሽ አገሮች ኩርፊያን እንደ ፖሊሲ ይይዛሉ» የሚል ድምፅ ይከተለዋል።

አንድ ቀን አላስቻለውም፤ ከጆንያው ኋላ ሆኖ፣ «ትንሽ አገርም የአየር ክልል አለው!» ብሎ ጮኸ። በረንዳው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ማታ ራዲዮ ከፍቶ ዜና ሲሰማ ጨው የሌለው ወጥ ሆነበት። ጦርነቱ አለ፤ ሳሙናውና ቴርሞሱ የሉም።

ችግሩ የኅዳር ሚካኤል ነው። የኅዳሩ ተረኛ መሪጌታ ናቸው። ከእሳቸው ጽዋውን የሚረከበው ደግሞ ደምለው ነው። ካልታረቁ አይረከብም፤ ተራውን ያልተረከበ ሰውም ከማኅበሩ እንደወጣ ይቆጠራል።

«የአባትህን ቦታ ልትለቅ ነው?» አለችው ሚስቱ ፀሐይነሽ።

«እሳቸው ናቸው ያዋረዱኝ። እሳቸው ይምጡ።»

«እሳቸውም አንተ ና እያሉ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ይጠብቁኛ።»

«ጎሽ። አሜሪካና ሩሲያን በአንድ መንደር ሰጥቶናል።»

አቶ ስጦታው ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲመላለሱ ሰነበቱ። መንገዱ ሁለት ጋሪ የማያሳልፍ ነው፤ ግን ሁለቱም አልተሻገሩትም። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ዋና ጸሐፊው ስለ ኃያላን የሚሉትን በራሳቸው ደጅ እያየ ነበር፤ ደፍሮ የነገራቸው ግን የለም።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት አብዱልሐኪም ለደምለው ደወለ። «ስኳር መጥቷል፤ ቶሎ ና፣ ለሰው እንዳታወራ።» በዚያ ሰሞን ስኳር መጣ የተባለ ሰው ልቅሶም ጥሎ ይሮጣል። ደምለው ባዶ ከረጢት ይዞ በጓሮ በር ገባ። መሪጌታ ባዶ ከረጢት ይዘው ቀድመውት ተቀምጠዋል። አብዱልሐኪም ከኋላው በሩን ዘጋ።

«ስኳሩስ?» አሉ መሪጌታ።

«ስኳር የለም።»

«አንተ! የሃይማኖት ሰው ይዋሻል?»

«ሰው ለማስታረቅ ሲሆን ለእኛ ተፈቅዷል፣ መሪጌታ።»

መሪጌታ ነገሩን አሰቡበት። የቀኑበት ይመስላል።

አብዱልሐኪም ሁለት ሳሙና አወጣና የሸቀጥ ካርቶን ላይ ፊት ለፊት አቆመ። በመካከላቸው አንድ ኩባያ አኖረ። «ይህ ደምለው ነው። ይህ እርስዎ ነዎት። ይህ ነገ የሚያልፈው ጽዋ ነው። በሉ ይተንትኑልኝ።»

መሪጌታ ሳሙናዎቹን በጣታቸው ለኩ። «እኔ ለምንድን ነው ትንሹ ሳሙና የሆንኩት?»

«ትልቁ አንድ ብቻ ቀርቷል።»

ደምለው ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሳቁ የት እንደገባ ሳያውቅ አፉ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ያን ቪዲዮ ቤት ገብቼ እስከ መጨረሻው አየሁት» አለ። «ልጁ መሮጥ አቆመ። ቀና ብሎ አየው። እጁን እንዲህ አደረገ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን … አጠፋሁት። ልክ ነበሩ መሪጌታ። ግን ሰው ፊት ነው ያዋረዱኝ፣ አባቴ በተቀመጠበት ማኅበር።»

መሪጌታ ትንሹን ሳሙና አንሥተው አገላበጡት።

«ለዚያ ልጅ አዘንኩ» አሉ። «ለአንተ ግን አላዘንኩም። ድሮን የሚልኩት እንኳ የሚመቱት የማያውቁትን ሰው ነው፣ ከሩቅ። እኔ የማውቀውን ሰው ከቅርብ መታሁ። ዳቦ እየበላን።»

ከዚያ የሆነው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ደምለው የመሪጌታን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። መሪጌታም ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ አሉ። ጥምጥማቸው የደምለውን ግንባር መታው፤ ካርቶኑ ተገለበጠ፤ ከመደርደሪያው አውሮፓ ወርዳ ተበተነች። አብዱልሐኪም፣ «ተኩስ አቁም!» እያለ ሻማ ይለቅም ጀመር።

«እኔ ቀድሜያለሁ» ይላል ደምለው፣ እስከ አሁን።

«ጥምጥሜ አንተን ከነካህ የቀደምኩት እኔ ነኝ» ይላሉ መሪጌታ። «በወታደራዊ ስሌት ከሄድን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።»

በማግስቱ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መንገዱን ተሻገረ። ደምለው ተሸክሞ ከፊት፣ ማኅበርተኛው እየዘመረ ከኋላ። የመሪጌታ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ ጉንፋኑ ለቋቸዋል። ፀሐይነሽ የበሩን ሁለቱንም ተካፋች ከፍታ ቆማለች። አብዱልሐኪም ጽዋው እስኪያልፍ ሚዛኑን አቁሞ በሱቁ ደፍ ላይ ቆየ።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቀን ደምለው ወንበሩን ከመጋዘኑ ጥግ አንሥቶ በረንዳው ላይ አኖረ። ለብርሃኑ ነው አለ። ማንም አልጠየቀውም። መሪጌታ ሸቀጡን ደርድረው ጨርሰዋል፤ አሜሪካ ጥግ ይዛለች፣ ክብሪቱ መካከል ነው።

«በል እስኪ ደምለው፣ ዓለም እንዴት አደረ?»

ደምለው ስልኩን ከፈተ። አንድ ከተማ ሌሊቱን ተመትቷል። የከተማውን ስም ማንበብ አቃተው፤ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ግን አነበበ። መሪጌታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ወንበሩን ለቆ ቆሟል።

«ነፍስ ይማር» አለ።

መሪጌታ ጉልበታቸውን ይዘው ተከትለው ተነሡ። ይህኛውን ማን እንደቀደመ ክርክር የለውም፤ አብዱልሐኪም ሩሲያን ለደንበኛ ሊሰጥ እንደያዘ እሱም ቆሞ ነበር፣ አይቷል።